«ቀባኸው?»

ክቡራትና ክቡራን። ሌላንድ፣ አንተንም ጨምሬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የመሸኛዬን ዝግጅት ላሰናዳችው ለማርላ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ሱቁን ከሰዓቱ በፊት ዘግታ፣ መደርደሪያዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠግታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወንበር ተውሳ ነው ያስቀመጠችን። ያውም የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል፣ ገበያው በሚደራበት ሳምንት። ይህን ሱቅ የከፈቱት አባቷ በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ «ለመሄድ ያገኘኸው ሳምንት ይሄ ነው?» ብለው በሩን ይቆልፉብኝ ነበር። ማርላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የአጋዘን ቋሊማውን የጠበሳችሁም እጃችሁ ይባረክ። የድንች ሰላጣውን ማን እንደሠራው ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ። ለሠሪው ደኅንነት ሲባል እንደሆነ ገምቼ ትቼዋለሁ።

ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዘንጉም አመሰግናለሁ። በጣም ቆንጆ ዘንግ ነው። ስለ እሱ የምለው ነገር አለኝና ትንሽ ታገሱኝ። እዚያ ጥግ ላይ ያለውን የዱር እንጆሪ ኬክም ማን እንዳመጣው ስትጠያየቁ ሰምቻችኋለሁ። ወደ እሱም እመጣለሁ። እስከዚያ እንዳትቆርጡት።

ንግግር አልችልበትም። ብዙዎቻችሁ ከፊቴ ይልቅ ጀርባዬን ነው የምታውቁት። ከኋላ ክፍል ያለ ሰው እንዲህ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ከፊት ያላችሁት ትስቃላችሁ፣ ታወራላችሁ፣ እኛ ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ ናስ እንከረክማለን።

የትዳር ጓደኞቻችሁ እዚህ ስላሉ ትንሽ ላስረዳ። እራት ላይ ስለ ቀለህ ሲወራባቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ የኖሩ ሰዎች ናቸውና ዛሬ እንኳ ይግባቸው። ጥይት ሲተኮስ ባሩዱ ይነድዳል፣ አረሩ ይሄዳል፣ የሚቀረው ባዶው የናስ ቀፎ ነው። እሱን ነው ቀለህ የምንለው፤ እዚህ ሱቅ እንደገና እየሞላን ለአዳኝ የምንሸጠውም እሱኑ ነው። እሳቱ ስለሚነፋው ወፈር ይላል፤ እንደገና ልሙላው ቢሉት ጠመንጃው ውስጥ እሺ ብሎ አይገባም። ስለዚህ ቅባት ይቀባና በመጭመቂያው እጀታ ተገፍቶ ጠባብ የብረት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ የድሮ ልኩን ይዞ ይወጣል። ግን ናስ ከጎኑ ሲጫኑት መሄጃ ይፈልጋል። በአንገቱ በኩል ይረዝማል። የረዘመውን እንከረክማለን፣ አፉንም ከውስጥም ከውጭም ስለቱን አንስተን እናለሰልሳለን። ሳይከረከም ካለፈ አንገቱ አረሩን ጨምድዶ ይይዘዋል፣ ጠመንጃውም ሊፈነዳ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን የሚያውቀው የተኳሹ ፊት ነው።

መጭመቁ የዌንደል ሥራ ነበር። መከርከሙ የእኔ።

ዌንደል ክሩገርን አዲሶቹ አታውቁትም። እዚያ የኋላ ክፍል፣ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት፣ ጨርቅ የለበሰ መጭመቂያ አለ አይደል? ሌላንድ ጠዋት ጠዋት ኮፍያህን የምትሰቅልበት? የዌንደል መጭመቂያ ነው። ተበላሽቷል ብላችሁ ነው የምታውቁት። እኔም ተበላሽቷል ብዬ ነው የነገርኳችሁ።

ሥራውን አብረን ነው የጀመርነው፤ ሁለታችንም ገና ጢማችን ሳይጠነክር። አንድ ጠረጴዛ፣ እሱ በዚያ እኔ በዚህ። እሱ ጨምቆ በትሪ ይገፋልኛል፣ እኔ ከርክሜ ወደ ጎን አሳልፋለሁ። እሱ ያስረዝማል፣ እኔ አሳጥራለሁ። ወሬያችንም እንደዚሁ ነበር። እሱ አንዲት የጠፋች ላም ታሪክ ጀምሮ እስከ ምሳ ያደርሳታል፤ እኔ «ላሟ ተገኘች ወይስ አልተገኘችም?» እላለሁ። «አንተ ሰውዬ» ይለኛል፣ «ሚስት ያላገባኸው እኮ ለዚህ ነው። ሴትየዋ ገና ስሟን ሳትጨርስ መልሱን ትጠይቃታለህ።»

እውነቱን ነው። አላገባሁም። ቤቴ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ነገር ቢኖር ማቀዝቀዣው ብቻ ነው። ግን ያኔ ይህ ነገር ብዙም አይሰማኝም ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ ጆሮው እስኪደክም ሲወራለት ውሎ ቤቱ ሲገባ ዝምታ ይናፍቃል እንጂ አይፈራም።

አሁን ስለዚያች ቃል ልንገራችሁ። በዚህ ሱቅ ማንም ሰው የሆነ ነገር ሲረሳ «ቀባኸው?» እንላለን። ኮሪን የመኪናዋን ቁልፍ ውስጥ ረስታ በሩን ስትቆልፍ «ቀባሽው?» ብለናታል። ማርላ የልጇን የምረቃ ቀን ስትረሳ «ቀባሽው?» ብለን ልትገድለን ደርሳ ነበር። ከየት እንደመጣች ታውቃላችሁ?

የዌንደል ናት። ቀለህ ሳይቀቡ መጭመቂያው ውስጥ ማስገባት የእኛ ሥራ ትልቁ ውርደት ነው። ደረቁ ናስ ከብረቱ ጋር ይያያዝና ወይ ፍንክች ይላል። እጀታውን ብትጎትተው የቀለሁ ቂጥ ይገነጠላል እንጂ አይወጣም። ከዚያ ቂጡን በመሰርሰሪያ በስተህ፣ ብሎን አስገብተህ፣ በመፍቻ ቀስ እያልክ ስታወጣ ትውላለህ። ሁላችንም አንዳንድ ጊዜ ደርሶብናል። የማርላ አባትም ደርሶባቸዋል። ያልደረሰበት ዌንደል ብቻ ነበር። ስለዚህ አጠገቡ ማንም ሰው መጭመቂያ ሲነካ ዌንደል ቀና ሳይል «ቀባኸው?» ይላል። ጠዋት ስንገናኝ ሰላምታው እሷ ናት። ማታ ስንለያይ ስንብቱም እሷው ናት።

ሌላም ደንብ ነበረን። አሁን በአዲሶቹ ዘመን ላላ ያለ። ያጣበቀ ሰው ራሱ ነው የሚያወጣው። ሌላ ሰው እጀታውን አይነካም። ማገዝ የለም፣ ቆሞ መሳቅ ግን ይፈቀዳል። አውጥቶ ሲጨርስም ለሁሉም የዱር እንጆሪ ኬክ ያመጣል። እንዲህ ያለ ደንብ ማን አወጣው ብትሉኝ አላውቅም፤ እኛ ስንመጣ ነበር።

ዛሬ ስድስት ዓመት ሆነው፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ብርድ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ እከረክማለሁ። ከወዲያ በኩል ያለው የእጀታ ድምፅ ቆመ። ቀና ብል ዌንደል እጀታውን ትቶ ቆሟል፤ ቀለሁ ግማሽ ድረስ ገብቶ።

«ኦሪን» አለኝ።

«አቤት።»

«ሳልቀባ አስገባሁት።»

እንዴት እንደሳቅሁ ልነግራችሁ አልችልም። «ማን? አንተ?» አልኩት።

«እኔ።»

«ዌንደል ክሩገር ሳይቀባ?»

«አዎ፣ በል ሳቅ። ሳቅና ይውጣልህ።»

«ኬኩ መቼ ነው?»

«ሰኞ። ኬኩም ሰኞ፣ ቀለሁም ሰኞ። እንዳትነካብኝ፤ ራሴ አወጣዋለሁ።»

ኮቱን ለበሰና ከሰዓቱ ቀድሞ ወጣ። እፍረት ነው ብዬ ሳቄ ባሰብኝ። ከፊት ያላችሁትን ሁሉ ዞሬ አወራሁላችሁ፤ ማርላ ታስታውሳለች። በሩ ላይ ሲደርስ ከኋላው ጮክ ብዬ «ቀባኸው?» አልኩት። ዞር ሳይል እጁን ብቻ አነሳልኝ።

እሁድ ሞተ። ልቡ ነው አሉ። እንጨት ሊፈልጥ ጓሮ ወጥቶ ነው ባለቤቱ ኖርማ ያገኘችው።

ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ «ዌንደል ኬክ ሳይከፍለን ሄደ» እያለ እያለቀሰ ይስቅ ነበር። ኖርማም ሳቀች። ጥሩ መሸኛ ነበር፤ እሱም ቢያየው ይወደው ነበር።

እኔ ሰኞ ሥራ ገባሁ። መጭመቂያው ግማሽ ላይ እንደቆመ ነው። ምን ላድርገው? ራሴ አወጣዋለሁ ብሎኛል፤ አትንካ ብሎኛል። ደንቡም አይፈቅድም። ጨርቅ አለበስኩት። ሌላ መጭመቂያ ከእኔ በኩል ተከልኩና መጭመቁንም መከርከሙንም እኔ ያዝኩት። ማርላ ረዳት ልቅጠርልህ ብትለኝ «አያስፈልገኝም» አልኳት። እዚያ ወንበር ላይ ሌላ ሰው እንዲቀመጥ አልፈለግሁም። እውነቱን ስነግራችሁ፣ ያ ቀለህ እስካልወጣ ድረስ ያቺ ሰኞ ገና የምትመጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ምን ብዬ ልንገራችሁ? ብቸኝነት ነው። ስሙ ይኸው ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ራሴ ጨምቄ በትሪ ወደ ራሴ እገፋለሁ። አንዳንዴ ስለ ላም አስቤ ቀና እላለሁ፤ ፊት ለፊቴ የሌላንድ ኮፍያ አለ። ደግ ኮፍያ ነው፤ ግን ወሬ የለውም።

ባለፈው ሳምንት ማርላ መጣችና፣ ስትጨነቅ እንደምታደርገው ቀለበቷን እያዞረች፣ «ጋሽ ኦሪን፣ አዲሱ ማሽን ሲመጣ ቦታው ይጠበናል። የጋሽ ዌንደልን መጭመቂያ ምን ብናደርገው ይሻላል?» አለችኝ። አልተቆጣሁም። አዲሱ ማሽን ይጨምቃል፣ ይከረክማል፣ አያወራም። ከእኔ በብዙ አይለይም። «ቀለሁን አውጥቼ አስረክብሻለሁ» አልኳት።

እናም ዛሬ ጠዋት እናንተ ሳትገቡ ገባሁ። መሰርሰሪያውን፣ ብሎኑን፣ መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። የሌላንድን ኮፍያ አነሳሁ፣ ጨርቁን ገፈፍኩ። አቧራ ነው። ለመሰርሰር እንዲመቸኝ ብዬ እጀታውን ትንሽ ጠበቅ ልያዘው አልኩ።

ወረደ።

አልጎተትኩትም። እጄን ሳሳርፍበት ነው የወረደው። ቀለሁ ዝንፍ ሳይል፣ ሳይጮኽ፣ ሳይጫር ከነመላ አካሉ ወጥቶ እጄ ላይ ቁጭ አለ። በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። ቅባት ነው። ያ የበግ ሱፍ የሚሸተው ቅባታችን፤ ከላይ እስከ ታች፣ ዌንደል እንደሚቀባው፣ ሳይበዛም ሳያንስም።

ገባችሁ? ቀብቶት ነበር።

ቀለሁን በዓይኔ ፊት አዙሬ አየሁት። ላዩ ተጨምቋል፣ ታቹ እንደወፈረ ነው። ግማሽ ድረስ ገፍቶ አቆመ ማለት ነው። ምንም የያዘው ነገር የለም። ያቃተው ክንዱ ነው። እዚያው ቆሜ ያቺን ዓርብ መልሼ አየኋት። በሩ ላይ ሆኖ ያነሳልኝ እጅ ግራ እጁ ነበር። ዌንደል ቀኝ እጅ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት እጀታ ሲጎትት የኖረው ቀኝ እጁ አልነሳ ብሎታል፣ እኔ ደግሞ ከኋላው «ቀባኸው?» እላለሁ።

አስቡት። ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ላይ ሲስቅበት የኖረውን ውርደት ራሱ ላይ ለጠፈ። ሳልቀባ አስገባሁት አለ። «ክንዴ ከዳኝ» ከማለት ይህን ማለት ቀለለው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሄደ። ቢነግረኝ ኖሮ መኪናዬ በር ላይ ነበረች። ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም። የላሟን ታሪክ እያወራልኝ እንደርስ ነበር።

ጠዋት ተናድጄበታለሁ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሌላንድ፣ ስትገባ ጉንፋን ይዞኛል ያልኩህ ለዚህ ነው። ኮፍያህን ግን ቦታው ላይ መልሼ ሰቅዬልሃለሁ።

አሁን ወደ ዓሣ ማጥመጃው ዘንግ።

ለምን እንደምሄድ ስትጠይቁኝ ምን አልኳችሁ? ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ ላጠምድ ነው አልኩ። እናንተም ደጋጎቹ አዋጥታችሁ ዘንግ ገዛችሁልኝ። ወገኖቼ፣ እኔ ዓሣ አጥምጄ አላውቅም። ማጥመዱ ቀርቶ ሽታውም አይስማማኝም። እዚህ ሱቅ ዓመታት ስኖር አንድ ሰው እንኳ ይህን ሰውዬ ወንዝ ዳር አይተነው አናውቅም አይልም?

የምሄደው ጣቶቼ ስለከዱኝ ነው። የከረከምኩት ቀለህ አፍ ላይ ስለት ይቅር አይቅር በጣቴ ነበር የማውቀው። አሁን አይሰማኝም። የቀለሁን ርዝመት የምለካበትን ካሊፐር ስይዝ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቁጥሩ እንደ ሚዛን ይወዛወዝብኛል።

ኮሪንም ታውቃለች። ኮሪን፣ አንገትሽን አትድፊ። ማሸጊያው ላይ ሆነሽ ሥራዬን በስውር እንደገና ስትለኪ አይቼሻለሁ። ረዝሞ ያለፈውን ምንም ሳትዪ መልሰሽ ትሪዬ ላይ ስታስቀምጪም አይቻለሁ። እኔም ያላየሁ መስዬ ከረከምኩት። አንቺ ለእኔ ስትይ ዝም አልሽ፣ እኔም ላንቺ ስል ዝም አልኩ። አንጀቴን ነው የበላሽው። ግን እዩን እስኪ፤ በዚህ ዝምታ መሀል የአንድ አዳኝ ፊት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ያ ቀለህ እጄ ላይ ባይወድቅ ኖሮ ይህን አልነግራችሁም ነበር። ሌላ ንግግር ጽፌ ነበር፤ ኪሴ ውስጥ አለ። ስለ ወንዝና ስለ ፀጥታ የሚያወራ፣ የሚያምር ንግግር። ዘንጌን ይዤ፣ ግራ እጄን አንስቼላችሁ እወጣ ነበር።

ስለዚህ እንደ ዌንደል አልወጣም። እውነቱን ሰምታችሁ ሸኙኝ። እጄ ደክሟል። ቤቴ ባዶ ነው። ሰኞን እፈራታለሁ። ተነስቼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ የት እንደምሄድ አላውቅም።

አሁን ወደ ኬኩ። ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጠዋት ከዚህ ወጥቼ ቤቴ ገብቼ ራሴ ነው የጋገርኩት፤ ስለዚህ ጠርዙን ተዉት፣ አርሯል። የዌንደል ዕዳ እንዳይመስላችሁ። ዌንደል ኬክ አልነበረበትም። ቀብቷል። ይህ ሱቅ እስካለ ድረስ ዌንደል ክሩገር አንድም ቀለህ አላጣበቀም ተብሎ ይነገርልኝ። ለኖርማም ነገ ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ።

ኬኩ የእኔ ነው። ደንቡ ያጣበቀ ያምጣ አይደል የሚለው? ከዚያች ዓርብ ጀምሮ ተጣብቄ የቀረሁት እኔ ነኝ።

የቀረውን የደንቡን ክፍል ግን፣ ማርላ፣ በአባትሽ ሱቅ ቆሜ ዛሬ እንዲሻር እለምናለሁ። ያጣበቀ ሰው ራሱ ያውጣ የሚለውን። አንድ ሰው «ተጣበቀብኝ» ሲላችሁ መሳቅ ትችላላችሁ፤ መሳቁን አልከለክልም። ግን እየሳቃችሁ ተነሱና እጃችሁን እጀታው ላይ አሳርፉ። ምናልባት የተጣበቀ ነገር የለም። ምናልባት የደከመ ሰው ነው ያለው።

እንግዲህ ልመርቃችሁ። ማርላ፣ ሱቅሽ ደንበኛ አይጣ፤ የአባትሽ ስም በበሩ ላይ ይኑር። ኮሪን፣ ዓይንሽ አይድከም፤ ያየሽውን የምትናገሪበትን ድፍረት ይስጥሽ። ሌላንድ፣ ፀጉርህ በጊዜ እየሸሸህ ነውና ኮፍያህ አይጥፋብህ። ሁላችሁም ከአደን በደኅና ተመለሱ፤ ቤታችሁ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ሰው አይጥፋ። በየጠረጴዛችሁ ፊት ለፊት የሚቀመጥ፣ ላሟን እስከ ምሳ የሚያደርስ ሰው አይጉደልባችሁ።

ዘንጉን አልመልስላችሁም። ወንዙን የሚያውቅ ሰው ካለ ያስተምረኝ፤ ሽታውን እችለዋለሁ።

ሰኞ ዕለት ደግሞ፣ ከቻላችሁ፣ አንዳችሁ ደውሉልኝ። ደኅና ነህ ወይ አትበሉኝ፤ ደኅና ነኝ ብዬ እዋሻችኋለሁ። «ቀባኸው?» በሉኝ። ለእሷ እውነቱን እመልሳለሁ።

አመሰግናለሁ። ኬኩን ቁረጡ።